በአረንጓዴው ክፍል ጥቁር የለበሰው ሰው

አቶ መሸሻ አልሞቱም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ እሮብ ዕለት ቤቴል ስደርስ ሰፈሩ በሙሉ «የሞተው ዘበኛ፣ የሞተው ዘበኛ» እያለ ስላበሸቀኝ ነው። ሰውየው ከሕንፃው የኋላ ደረጃ ሥር፣ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ፣ ግን እየተነፈሱ ነው የተገኙት። አምቡላንስ ወስዷቸዋል። ዓይናቸውን ስላልገለጡ ማን እንዲህ እንዳደረጋቸው የሚነግረኝ አልነበረም።

እኔ ኢንስፔክተር አልማዜ እባላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በምርመራ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅን ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩበትም።

ሕንፃው ምድር ላይ ካፌ፣ መሀል ላይ የጥርስ ክሊኒክ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ደግሞ አይጥ አለው። አዎ፣ አይጥ። እኔም ስሰማ «ምን አላችሁ?» ብያለሁ።

«ማይግሬን ያውቃሉ ኢንስፔክተር?» አለችኝ ዶክተር ኤልሳቤጥ። የምርምር ቤቱ ኃላፊ ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው።

«አለቃ አለኝ እኮ! እንዴት አላውቅም?»

አልሳቀችም። «ሃያ አራት አይጦች ነበሩን። ማይግሬን የሚመስል ሕመም የሚቀሰቅስ መድኃኒት እንሰጣቸዋለን። አሥራ ሁለቱ ተራ ነጭ መብራት ያለበት ክፍል፣ አሥራ ሁለቱ ደግሞ አረንጓዴ መብራት ብቻ ያለበት ክፍል ነው የሚኖሩት። አረንጓዴው ብርሃን ሕመሙን ያስታግሣል ወይ ነው ጥያቄያችን። የመጨረሻው ፈተና የፊታችን አርብ ሊደረግ ነበር። ግንባራቸውን በቀጭን ክር ነካ እናደርጋለን፤ ያመመው ይሸሻል፣ የተሻለው ዝም ይላል።»

«እና?»

«አረንጓዴዎቹ የተሻላቸው ይመስል ነበር። ይመስል ነበር ነው ያልኩት። አሁን ከአረንጓዴዎቹ አንዳቸውም የሉም።»

አረንጓዴውን ክፍል በበሩ መስታወት አየሁት። አሥራ ሁለት ባዶ ሳጥን። የሁሉም መዝጊያ በሥርዓት ተዘግቷል። መሬት ላይ የደም ጠብታ የለም፣ የተገለበጠ ነገር የለም። የምግባቸው ከረጢት ግን አብሮ ጠፍቷል። ሌባ መዝጊያ እየዘጋ፣ ስንቅ ቋጥሮ ይሄዳል? ወሳጁ አይጦቹን የሚያውቅ፣ እነሱም የሚያውቁት ሰው ነው አልኩ ለራሴ።

ቁልፍ ያላቸው አራት ሰዎች ናቸው። ዶክተሯ በሰዓቱ መገናኛ ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ስድስት ሰው አረጋገጠልኝ። አቶ መሸሻ ሆስፒታል ናቸው። የቀሩት ቴክኒሻኑ ገመቹና አይጦቹን የሚመግቡት ወይዘሮ የኔነሽ ናቸው።

ያየች ሰው ነበረች። ውዳሴ ትባላለች፤ የካፌው አስተናጋጅ ናት፣ ጥፍሯን ደማቅ ቀይ ቀለም የተቀባች፣ አፏ የማያርፍ።

«አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ለዶክተር ማኪያቶ ይዤ ወጣሁ። የለችም። በበሩ መስታወት ሳይ ሰው አለ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሳጥኖቹ ላይ ጎንበስ ብሏል።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«እኔ እንጃ። ፀጉሩን በዚያ በሐኪም ቆብ ሸፍኖታል። የለበሰው ግን ጥቁር ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እመቤቴን! ጥቁር፣ በቃ ጥቁር!»

ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ቆሻሻ ልትደፋ በኋላ ደረጃ ስትወርድ አቶ መሸሻን ያገኘችውም እሷው ናት። ጩኸቷ እስከ አየር ጤና ተሰምቷል ብሎኛል የጥርስ ሐኪሙ።

ጥቁር ጃኬት ክረምት ከበጋ የማያወልቀው ገመቹ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ዓይነ አፋር። ሰኞ ዕለት ከዶክተሯ ጋር ተጣልቷል፤ ከፈተናው በኋላ አይጦቹ ተገድለው አንጎላቸው ይመረመራል ስትለው፣ በሁሉም ፊት «ከምንገድላቸው ብለቃቸው ይሻላል» ብሏል። ቅዳሜ ደግሞ ሠርጉ ነው። የሚያገባው የወይዘሮ የኔነሽን ልጅ ኤልዳናን ነው፤ ሥራውንም ያስገቡት እሳቸው ናቸው።

«ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ኳየር ልምምድ ላይ» አለኝ፣ ጫማውን እያየ።

የኳየሩ መሪ ጋ ደወልኩ። እሮብ ልምምድ የለም። ገመቹ በዚያው ዕለት ጣቢያ ገባ።

ሐሙስ ጠዋት አለቃዬ ኮማንደር ጉልላት ፋይሉን ዘጋግቶ ጠበቀኝ። «ጥቁር ጃኬት፣ ቁልፍ፣ ጠብ፣ ውሸት። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አልማዜ? የሠርግ ጥሪ ካርድ?»

«አንድ ነገር አልጣመኝም።»

«አንቺን መቼ የሚጥምሽ ነገር ተገኝቶ ያውቃል? አርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ፣ የአሥራ አራት ቀን የምርመራ ጊዜ እጠይቃለሁ። እስከዚያ ሌላ ሰው ካመጣሽ፣ አምጪ።»

አሥራ አራት ቀን ማለት ሠርግ የለም ማለት ነው። ዳሱ ተጥሏል፣ በሬው ተገዝቷል፣ ከጅማ ዘመድ እየመጣ ነው፣ ሙሽራው እኔ ዘንድ ሲሚንቶ ላይ ተኝቷል። ልጁ ካደረገው የእጁን ያግኝ። ካላደረገውስ? ኮሪደሩን ስመላለስበት ጥበቃው «ኢንስፔክተር፣ ኧረ ወለሉን ጨረሱት» አለኝ።

የገመቹ ኪስ ውስጥ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ነበረች፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁመት። ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አንገቱ ድረስ ቀላ። «ሱፍ ልከራይ ጦር ኃይሎች ሄጄ ነው። ለነእትዬ የኔነሽ አዲስ አሰፍቻለሁ ብያቸው ነበር። አይንገሩብኝ፣ በጌታ!»

«አንተ ልጅ፣ ሰው ሊሞት ነው እኮ! እስር ቤት ቁጭ ብለህ በሱፍ ታፍራለህ?»

«ኤልዳና ትስቅብኛለች» አለ።

እዚያው ልቤ ተቀብሎታል፤ ልብ ግን ፋይል ውስጥ አይገባም። ጦር ኃይሎች በረርኩ። አከራዩ ሱፉን አወጣልኝ፣ ልጁንም አስታወሰው። «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የወጣው» አለ። ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥር ከሩብ አርባ አምስት ደቂቃ ነው።

«ታክሲ ካገኘ በአየር ጤና አድርጎ በሰዓቱ ቤቴል ይደርሳል» አለ ጉልላት።

«ታክሲ ካገኘ! አንተ ለመጨረሻ ጊዜ ታክሲ የተሰለፍከው መቼ ነው?»

«አርብ ዘጠኝ ተኩል» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ጣቢያ ስመለስ ወይዘሮ የኔነሽ ለገመቹ ምሳ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ ክብ ፊት፣ ቀይ ሹራብ፣ ሽንኩርት የሸተተ እጅ። የምሳ ዕቃውን ከከፈትኩና ካየሁ በኋላ አስቀመጥኳቸው።

«እትዬ፣ እሮብ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቼ ቤቴ፣ ቀራንዮ። የሠርግ ሽንኩርት ስናስከትፍ ነው የዋልነው። ሠላሳ ሴት አለ፣ ጠይቂ እህቴ።»

ጠየቅኩ። ስድስቱ ጋ ደወልኩ፤ ስድስቱም «እንዴ፣ የሠርጉ ባለቤት እኮ ናት፣ የት ትሄዳለች? ነበረች!» አሉኝ። ስድስት ምስክር ባንድ ድምፅ ሲናገር ደግሞ ራሴን ይበላኛል።

«ያ አረንጓዴ መብራት እውነት ራስ ምታት ያድናል?» አልኳቸው፣ ወሬ ለማንሳት ያህል።

የምሳ ዕቃውን ክዳን ጠበቅ አደረጉት። «መብራት ሰው አያድንም። እኔ ሃያ ዓመት ራሴን አሞኛል፤ መርፌ ስወጋ፣ ጨለማ ቤት ስተኛ ኖሬያለሁ። የፈወሰኝ ጌታ ነው። ጉባኤ ፊት ቆሜ መስክሬያለሁ።» ከዚያ ደግሞ ቀስ ብለው፣ «ገመቹን መቼ ነው የምትለቁት?»

«እሱ የተወሰነ ነገር አይደለም።»

«ንጹህ ነው እኮ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውዳሴን ከካፌው ጎትቼ ላይኛው ፎቅ ወሰድኳት። አረንጓዴው መብራት እንዲበራ፣ እሷም እሮብ የቆመችበት ቦታ እንድትቆም አደረግሁ። ሳጥኖቹ ዘንድ ሆኜ ጎንበስ አልኩ።

«እንዲህ ነበር?»

«ትንሽ ወደ ግራ። እንዲያውም እዚህ ጋ ነበር እጁ» ብላ ገባችና ሳጥኑን በጣቷ ነካችው።

ጣቷን አየሁት። እንደገና አየሁት።

«ጥፍርሽን ምን ቀለም ነው የተቀባሽው?»

«ቀይ ነዋ!»

«እስቲ እይው።»

አየችው። ሁሉም ጥፍሯ ጥቁር ሆኗል፣ የከሰል ጥቁር። «ውይ በሞትኩት!» ብላ እጇን ቀሚሷ ላይ ፈተገችው። ኮሪደር ይዣት ወጣሁ፤ ቀይ ነው። አስገባኋት፤ ጥቁር ነው።

ዶክተሯን ጠራኋት። «መብራቱ አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ነው የሚሰጠው» አለች። «ቀይ ነገር ደግሞ የሚመልሰው ቀይ ብርሃን ነው። ቀይ ብርሃን ከሌለ የሚመልሰው የለውም፣ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ምስክሯ ጥቁር እንዳለች ማንም አልነገረኝም እኮ!»

እውነቷን ነው። የምስክር ቃል ደብቄ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ቀን ጥቁር ጃኬት ሳባርር የከረምኩትም እኔ ነኝ። ራሴን እየተሳደብኩ ደረጃውን ወረድኩ። የገመቹ ጃኬት ምንም አያስረዳም። ቀይ ሹራብ ግን ትናንት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር።

ቀራንዮ ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ድስት ከበዋል። ፖሊስ ዳሱ ሥር ሲገባ ያየ ሁሉ ነጠላውን አስተካከለ። በዚህ ጊዜ «ነበሩ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩም። «እሮብ አሥር ሰዓት ግድም ማን ምን አቀበላችሁ?» አልኩ።

ተያዩ። አንዷ ደንዳና ሴትዮ ማማሰያዋን አስቀመጠች። «አሥር ሰዓት ላይ እኮ ትልቁ ባኞ ጠፍቶብን፣ የተከተፈውን የምናደርግበት አጥተን፣ የኔነሽ! የኔነሽ! ብለን ተጣራን።»

«መጡ?»

«እኛ ጓሮ ካሉት ጋር ናት አልን፤ የጓሮዎቹ ደግሞ ከእኛ ጋር መስላቸው። የሠርግ ባለቤት መቼ አንድ ቦታ ትቀመጣለች? ኋላ እኔ ከቤቴ ባኞ አመጣሁ።»

ስድስቱ ሴቶች ያላዩትን አይተናል ያሉት ሊዋሹኝ አልነበረም። ባለቤቷን መቁጠር ማንም አላሰበም።

ወይዘሮ የኔነሽ ከቤት ወጥተው ቆመው ይሰሙ ነበር። «እትዬ፣ ትልቁ ባኞ የት ነው?» አልኳቸው።

ወደ ሰርቪስ ቤቱ መሩኝ፤ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነበር። ከሽንኩርት ጆንያዎቹ ኋላ ሰማያዊው ባኞ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ ወንፊት፣ ወንፊቱ ላይ ድንጋይ። ውስጡ አሥራ ሁለት ነጫጭ አይጦች ተደራርበው ተኝተዋል። ምግብ ተደርጎላቸዋል። ውሃ ተቀድቶላቸዋል።

«ለምን እትዬ?»

ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። «ከነሱ ጋር በዚያ ብርሃን ውስጥ መዋል ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። በዚያው ሦስት ወር ራስ ምታቴ ተወኝ። ግን ጾሜም ነበር፤ ጸልዬም ነበር፤ ተነሥቼ መሰከርኩ። ሰው እያለቀሰ ‹አሜን› አለ። ማክሰኞ ዕለት ዶክተር ‹አረንጓዴዎቹ ተሽሏቸዋል፣ ብርሃኑ ሳይሆን አይቀርም፣ አርብ እናረጋግጣለን› ስትል ሰማሁ።» አፋቸውን በሹራባቸው እጅጌ ያዙ። «ብርሃኑ ከሆነ፣ እኔ ማን ነኝ? በጌታ ስም ጉባኤ ያታለልኩ ሴት ነኝ። ፈተናው ከቀረ ማንም አያውቅም አልኩ። መግደል ደግሞ አልቻልኩም።»

«አቶ መሸሻንስ?»

«ኧረ በኢየሱስ ስም! አልነካኋቸውም! በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። ‹እህቴ፣ ካርቶኑን ልያዝልሽ› አሉኝ። ራሳቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር፤ ‹ዛሬ ከበደኝ› አሉ። እኔ እንዳያዩብኝ ፈርቼ ሮጥኩ።»

«ገመቹ ሲታሰርስ ዝም አሉ?»

«ንጹህ ነዋ! ንጹህ ሰው ከሆነ ይለቁታል ብዬ ነው።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፖሊስ ሆኜ እንዲህ ያመነን ሰው አላየሁም። ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። ስለ አቶ መሸሻ የነገሩኝን ግን አላመንኳቸውም። በልጃቸው ፊት፣ ከዳሱ ሥር ይዣቸው ወጣሁ። ኤልዳና ጥፍሯ ላይ ሂና እንደተቀባች በባዶ እግሯ እስከ አስፋልቱ ተከተለችን።

ስምንት ሰዓት ላይ ከሆስፒታል ተደወለ። የጭንቅላት ሲቲ ስካን ማንሻ ማሽናቸው ከእሮብ ጀምሮ ተበላሽቶ ገና መሠራቱ ነው።

«ማንም አልመታቸውም» አለኝ ሐኪሙ። «መጀመሪያ የደም ሥር አንጎላቸው ውስጥ ፈነዳ፤ የደም ግፊት ነው። ከዚያ ነው የወደቁት። የውጭው ቁስል የደረጃው ጠርዝ ነው።»

እኔ ደግሞ ዱላ ስፈልግ ነበር የከረምኩት! ሆስፒታል ሄድኩ። የአቶ መሸሻ ባለቤት ወይዘሮ ጉዲቱ አልጋው ሥር ተቀምጠዋል።

«የግፊት ክኒን አይወስዱም ነበር?»

«አሥር ዓመት ወስዷል። ካቆመ ሁለት ወር ሆነው።»

«ማን አቁም አላቸው?»

«ማንም አላለውም። ፓስተሩማ እንዳታቆሙ ብሏል። እሱ ግን የእህት የኔነሽን ምስክርነት ከሰማ በኋላ ‹እሷ በእምነት ከዳነች እኔስ?› አለ። ክኒኑን ሽንት ቤት ደፋው። በጣም ደስ ብሎት ነበር እኮ» አሉ።

ይህን ለወይዘሮ የኔነሽ የምነግረው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ? ጣቢያ ገብቼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና ቃል በቃል ነገርኳቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። አላለቀሱም።

«ሌላስ?» አሉኝ።

«ምን ሌላ?»

«ሌላስ ማን አቁሟል?»



ጉልላት ዘጠኝ ተኩል ሳይሞላ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ይቅርታ እንኳ አልወጣውም። ገመቹ ተለቀቀ። የቀረው የአይጥ ስርቆት ነው፤ ወይዘሮ የኔነሽ በመታወቂያ ዋስ ወጡ፣ ሰኞ ይመለሳሉ። ዶክተሯ አይጦቿን ስትረከብ ሳጥኑን አቅፋ አለቀሰች። ሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ ከርመዋል፤ የፈተናው ውጤት ከእንግዲህ አያገለግልም፣ ከዜሮ ትጀምራለች።

«እሳቸውን ያዳናቸው ብርሃኑ ነው?» አልኳት።

«አይጥ ሰው አይደለም ኢንስፔክተር። በሰው ላይ አልሞከርኩም። የማላውቀውን አልናገርም።»

ቅዳሜ ማረፊያ ቀኔ ነበር። ቤቴ ግን መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነሥቼ ቤተክርስቲያኑ ሄድኩ፣ ኋላ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ጠዋት አቶ መሸሻ አንድ ዓይናቸውን ገልጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው ግን አይንቀሳቀስም። ሰው ይህን ሰምቷል። የሙሽራዋ እናት አይጥ እንደሰረቁም ሰምቷል፤ ሠርግ ስለሆነ ግን ሁሉም ያልሰማ መስሎ ይስቃል።

ቃል ኪዳኑ ካለቀ በኋላ ወይዘሮ የኔነሽ እንዲመርቁ ማይክ ተሰጣቸው። ሰው እጁን ዘርግቶ «አሜን» ለማለት ተዘጋጀ።

«ልጆቼ፣ ጌታ ይባርካችሁ። ቀጥሎ የምናገረው ምርቃት አይደለም» አሉ። «ተፈወስኩ ብዬ እዚህ ቆሜ መስክሬ ነበር። ራስ ምታቴ ትቶኛል፣ ይህ እውነት ነው። በምን እንደተወኝ ግን አላውቅም። ጌታ አልፈወሰኝም አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩት። የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ ነገርኳችሁ፤ ወንድማችን መሸሻ በኔ ቃል ክኒኑን ጥሎ ወደቀ። እኔን ሰምቶ መድኃኒት ያቆመ ካለ፣ ዛሬ ቤቱ ሳይገባ ይጀምር። ከኔ በላይ ሐኪሙን ይስማ። በሐሰት የታሰረልኝን ልጅም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ማይኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ጓ አለ። አሜን ያለ የለም። ስምንት መቶ ሰው ይሆናል፤ የተዘረጋው እጅ ሁሉ ቀስ እያለ ታጠፈ። አንዳንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዳንዱ ስልኩን። ኤልዳና ቬሏ ሥር ትንሰቀሰቃለች። ሴትዮዋ ወደ ወንበራቸው ለመመለስ ዞሩ፤ መንገዱ ግን የጠፋባቸው ይመስል መድረኩ ላይ ቆመው ቀሩ።

ገመቹ ከሙሽራ ወንበር ተነሣ። ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ያደረ ልጅ ነው። ድምፁ ተሰባብሮ፣ ብቻውን፣ አዳራሹ እስኪሰማው ድረስ «አሜን» አለ። ከዚያ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።